የምህላው ዝናብ ያለበት ጠርሙስ

በዚያ ዓመት ዝናቡን ያሰርኩት እኔ ነበርኩ። በቀያችን እንዲህ ይባል ነበር። እኔ ይህን ወሬ ከሁሉም ሰው በኋላ ነው የሰማሁት፤ የሰማሁትም መጥረቢያ ከያዙ ሰዎች ፊት ቆሜ ነው።

ይህን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ብዕር አንስቼ መልሼ አስቀምጫለሁ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። ከትምህርቴ ማነስ ይልቅ ግን ያስቸገረኝ ዓይነ አፋርነቴ ነው። አስተማሪዬ ስሜን ሲጠራ "አቤት" ማለት አቅቶኝ ቆሜ የማለቅስ ልጅ ነበርኩ። ሰርግ ቤት ስሄድ ከምሰሶ ኋላ ነው የምቀመጠው። የምነግራችሁ አንድ ሳምንት የማይሞላ ነገር ነው፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት የነበርኩት ልጅና አሁን ይህን የምጽፈው እኔ አንድ ሰው አይመስሉኝም።

ቀያችን ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ሲኬድ ደጋው አልቆ ቆላው ቁልቁል በሚታይበት አፋፍ ላይ ነው። እኛ ዘንድ ሰው የሚኖረው በበልግ ገብስ ነው። ክረምቱ ውርጭና በረዶ ስለሚያበዛ አይታመንም። ስለዚህ የካቲት ሲገባ የሁሉም ዓይን ሰማይ ላይ ነው።

ከቤታችን በላይ ባለው ጉብታ ላይ የዝናብ መለኪያ አለ። ቆርቆሮ ነው። አፉ የሰሃን ያህል ነው፤ እንደ ጋዝ መቅጃ ከላይ ሰፍቶ ወደ ታች ይጠባል፤ የገባው ዝናብ ከሥሩ ባለች ጠርሙስ ውስጥ ይጠራቀማል። ከከተማ የመጣ ባለሙያ ተክሎት ዙሪያውን በሽቦ አጥሮ፣ ለአባቴ "ማንም እንዳይነካው" ብሎ አስረከበው። በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ውሃውን በብርጭቆ መለኪያ ለክቶ መዝገብ ላይ ማስፈር፣ ወሩ ሲያልቅ ወረቀቱን ወደ ደብረ ብርሃን በሚሄድ መኪና መላክ፣ ሥራው ይኸው ነው። የመጀመሪያውን ብርጭቆ ጉብታው ላይ ንፋስ ጥሎ ሰበረው። ከዚያ በኋላ አባቴ ብርጭቆውን ቤት አስቀመጠው። ጠዋት ባዶ ጠርሙስ ይዞ ይወጣል፤ ዝናብ ያለበትን አውጥቶ ባዶውን ይተካል፤ ውሃውን ቤት ወስዶ ይለካል።

አባቴ ወሬ ይወድ ነበር። ከጉብታው ሲወርድ ላገኘው ሁሉ ስለ መሬቱ "ዛሬ ጠግቧል!" ወይም "ዛሬ ከንፈሩን ብቻ አርሶ ተኛ!" እያለ ነበር ቤት የሚገባው። እኔ ከኋላው መዝገቡን ይዤ እከተላለሁ፤ ዓይኑ ደክሞ ስለነበር የምጽፍለት እኔ ነኝ። እሱ ሲሞት ሥራው ለእኔ ቀረ። ያንኑ ጠርሙስ ይዤ ያንኑ መንገድ እመላለሳለሁ። ልዩነቱ አንድ ነው። እኔ ከማንም ጋር አላወራም። ሰው ሳይ ጠርሙሱን በነጠላዬ ሸፍኜ መንገድ እቀይራለሁ።

አባቴ በሞተ በጥቂት ወራት ውስጥ የበልጉ መጀመሪያ ዝናብ መጣ። ለካሁት፤ ሦስት ሚሊ ሜትር ነበር። አባቴ ሁልጊዜ "የመጀመሪያው ዝናብ ከአምስት ካነሰ መሬቱ አልጠጣም፤ አቧራውን ነው ያስተኛው" ይል ነበር። ይህን አውቅ ነበር። ሰዉ ሁሉ በሬ ጠምዶ ሲወጣ በራችን ላይ ቆሜ አየሁ፤ ምንም አልተናገርኩም። ገብሱ በቀለ፤ አረንጓዴ ሆኖ አንድ ሳምንት ታየ፤ ከዚያ እንደ ፀጉር ቀጥኖ ደረቀ። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ካላት ዘር የሚበዛውን ዘርታ ነበር። ባሏ ሥራ ፍለጋ ወደ ቆላ ወርዶ አልተመለሰም። በየጠዋቱ በሯ ላይ ሳያት አንገቴን እደፋለሁ። እሷ ደግሞ አንገቴን መድፋቴን ታያለች።

በማግሥቱ ዓመት መጋቢት እስኪገባ ድረስ ጠብ አላለም። ከአልዩ አምባ በርበሬ ጭነው የሚወጡ ነጋዴዎች ታች ከብት ማለቁን ነገሩን። ነጋዴዎቹን ተከትለው ከቆላ የሚወጡ ሰዎችም ማየት ጀመርን፤ አይለምኑም፣ አይናገሩም፣ መንገድ ዳር ይቀመጣሉ። በየቤቱ የቀረው፣ ከጥቂት እፍኝ በስተቀር፣ ለዘር የተቀመጠ ገብስ ነበር። እኛ ቤት ጎታው ሥር አንድ ቁና ተኩል ነበር። እማዬ ልትበላው እየተመኘች በየማታው ክዳኑን ትጭነዋለች። ያ ዘር ከጠፋ የሚዘራም የሚበላም የለም።

ሐሙስ ዕለት መምሬ ወልዴ የሦስት ቀን ምህላ አወጁ። ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያኑን እየዞረ "እግዚኦ" ሲል እኔም ከሴቶቹ መጨረሻ ተሰልፌ ነበር። አንዷ ዞር ብላ "ደብሪቱ፣ ዛሬ ጠርሙስሽን አልያዝሽም?" አለችኝ።

ሌላዋ "ምን ልትይዝበት? ገና መች ጣለና" አለች።

ሳቁ። እኔም የሳቅኩ መሰለኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

ቅዳሜ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ፣ የምህላው መዝጊያ ላይ፣ ሰማዩ ከጣርማ በር በኩል ጠቆረና ዘነበ። እልልታው ከዝናቡ ይበልጥ ነበር። ሽማግሌዎች ባዶ ራሳቸውን ለዝናቡ ሰጥተው ቆሙ። መምሬ ወልዴ አለቀሱ። አንድ ምዕራፍ ዳዊት የሚደገምበትን ጊዜ ያህል ዘነበና ቆመ። ሰዉ ሁሉ "ሌሊት ይቀጥላል" እያለ ወደ ቤቱ ሮጠ።

ሌሊት አልቀጠለም። እሑድ ጠዋት ጠርሙሱን ሳወጣ ሁለት ሲኒ የማይሞላ ውሃ ነበረበት። በነጠላዬ ሸፍኜ ስወርድ ከቅዳሴ የምትመለሰውን እትዬ አስካለን መንገድ ላይ አገኘኋት።

"ምንድን ነው ያቀፍሽው?"

"ምንም።"

"ምንም እንዲህ ይታቀፋል?"

"ውሃ ነው።"

"የትናንቱ?" ድምጿ ዝቅ አለ። "እኛ ሦስት ቀን ጉልበታችን እስኪላጥ የሰገድንበት?"

መልስ ነበረኝ። ቀላል መልስ ነበረኝ። ግን ፊቴ ጋለ፤ ጠርሙሱን ደረቴ ላይ አጥብቄ ይዤ ሮጥኩ። አሁን ሳስበው እኔም እሷን ብሆን ኖሮ የማምነው ያንኑ ነበር።

ቤት ገብቼ ለካሁ። አራት ሚሊ ሜትር። ውሃውን ልደፋ ስነሳ እማዬ እጄን ያዘችኝ።

"የምህላ ዝናብ አይደፋም፤ አስቀምጪው" ብላ ጠርሙሱን መደቡ ላይ አኖረችው።

"እማዬ፣ ይሄ ዝናብ ለዘር አይበቃም። እንዳምናው ነው የሚሆነው።"

"ማን አለ?"

"መዝገቡ። አባዬም ይል ነበር።"

"አምናም ታውቂ ነበር?"

አዎ አልኳት። ሄዳ የጎታውን ክዳን ነካካችው።

ከሰዓት በኋላ የገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ተጠራ። "ነገ ሰኞ ከጎሕ ጀምሮ ሁሉም ይዘራል፤ የማይዘራ ቤት እንዳይገኝ" የሚል ትእዛዝ ወጣ። ሰዉ እያጨበጨበ ተበተነ። እኔ መዝገቡን ይዤ ቢሮው በር ላይ ቆምኩ፤ ሊቀመንበሩ እስኪያየኝ ድረስ ቆምኩ።

"ምን ፈለግሽ?"

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ዝናቡ አራት ሚሊ ሜትር ነው።"

"ምኑ?"

"የትናንቱ።"

"እና?"

"አይበቃም።"

"ለምንድን ነው የማይበቃው?"

መዝገቡን ዘርግቼ ቁጥሩን በጣቴ አሳየሁት። ጸሐፊው አጎንብሶ አየና "ጓድ ሊቀመንበር፣ ሚሊ ሜትሩን ከገብሱ ጋር ደባልቀን እንዝራዋ!" ብሎ ሳቀ።

ሊቀመንበሩ አልሳቀም። "ስሚ። አውራጃው የዘር ሪፖርት ይጠብቃል። ሕዝቡ ተነሳስቷል። አሁን አንዲት ልጅ ተነስታ አይበቃም ብትል ምን ይባላል?"

መዝገቡን አጠፍኩ።

"ውዥንብር ይባላል። ያንቺ ቁጥር የመንግሥት ነው፤ ላኪው፤ አበቃ። ውዥንብር የሚነዛ የት እንደሚገባ ደግሞ ታውቂዋለሽ።" በአገጩ ከቢሮው ጎን ያለውን የቆርቆሮ መጋዘን አመለከተኝ። አውቀው ነበር። አምና እዚያ ገብቶ በመኪና የተወሰደ ሰው ነበር፤ እስካሁን ወሬው የለም።

ወደ ቤት ስመለስ ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ደመናው ሄዷል። የማውቀው ደረቅ ንፋስ ከምሥራቅ ተነስቶ ነበር።

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ በታችኛው ሰፈር በሬዎች ተጠመዱ። "ሃ! ሃ!" የሚለው ድምፅ እኛ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። የላይኛው ሰፈር ሰው ግን አልወጣም። ይህ አስገርሞኝ ነበር። ሦስት ሰዓት ሲሆን ባዶ ጠርሙስ ይዤ ወጣሁ፤ ያልዘነበ ቀንም መሄድና ዜሮ መጻፍ ግዴታ ነው። ጉብታው ላይ ስደርስ የላይኛው ሰፈር ሰው ለምን እንዳልወጣ ገባኝ።

ሠላሳ ያህል ይሆናሉ። የሚበዙት ሴቶች ናቸው። ሁለት ወንዶች መጥረቢያ ይዘው ሽቦውን ጀምረዋል። እትዬ አስካለ ፊት ቆማለች።

"ይኸው መጣች" አለ አንዱ።

ሌላው "ባዶ ጠርሙስም ይዛለች፤ ዛሬ ደግሞ የቀረውን ልትቀዳ" አለ።

መሮጥ ፈልጌ ነበር፤ ሌላ ምንም አልፈለግኩም።

እትዬ አስካለ ቀረበችኝ። "አባትሽ በነበረ ጊዜ ይዘንብ ነበር። አንቺ ይህን ነገር ከያዝሽ ወዲህ ቆመ። ዝናብ ሲጥል በጠርሙስ ታስሪዋለሽ፤ ሳይጥል በየጠዋቱ መጥተሽ ትጠብቂዋለሽ። ትናንት በዓይኔ አይቼሻለሁ፤ ጠይቄሽ ሮጥሽ። ከወሰድሽው በኋላ ደመናው ሸሸ። የታለ?"

"ምኑ?"

"የምህላችን ዝናብ!"

"ቤት ነው" አልኩ። እውነቱ እሱ ነበር።

ጩኸት ተነሳ። "ሰማችሁ? ቤቷ ነው!" "አምጪው!" "ፍቺልን!" የአፈር ጓል ትከሻዬን መታኝ። ያን ጊዜ እማዬ ከታች እየሮጠች መጣች፤ ጫማ አላደረገችም፤ ጠርሙሱን በሁለት እጇ ይዛዋለች። ጩኸቱን ሰምታ ነው የያዘችው፤ ለምን እንደያዘችው ራሷም አታውቅም። መሃላቸው ገብታ ከእኔ ጎን ቆመች።

መምሬ ወልዴ ሰዉን በመስቀላቸው እየከፈሉ ደረሱ። "ልጆቼ፣ ምን ሆናችሁ? በጾም?"

"መምሬ፣ እርስዎ ይፍረዱ! የሰገዱበት ዝናብ ያውልዎ፣ በጠርሙስ!"

መምሬ ጠርሙሱን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ። "ደብሪቱ፣ ምንድን ነው ልጄ?"

አፌን ከፈትኩ። የወጣው የማውቀው ነገር ነበር። "መለኪያ ነው። አራት ሚሊ ሜትር ነው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ በየዓመቱ እየተቆጠረ..."

"ትቆጥረዋለች!" አለች አንዲት አሮጊት እጇን አፏ ላይ ጭና። "የእግዜርን ዝናብ ትቆጥረዋለች!"

ይህን እኛ አገር የኖረ ያውቀዋል። ከብትም ልጅም አይቆጠርም፤ የተቆጠረ ነገር ይቀንሳል ብሎ ሰው ይፈራል። እኔ ራሴን ላድን ብዬ የተናገርኩት ቃል በገዛ አፌ ፈረደብኝ። አንዱ መጥረቢያውን አነሳና የቆርቆሮውን እግር መታ። መቅጃው ተፈናጥሮ እግሬ ሥር ወደቀ።

እዚያ ላይ ምን እንደሆንኩ እስካሁን አላውቅም። ድፍረት አይደለም። መቅጃውን አየሁት፤ አፉ ክብ ነው። እትዬ አስካለን አየኋት፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። አምና በራችን ላይ ቆሜ ዝም ያልኩበት ጠዋት ትዝ አለኝ፤ አሁንም እንደዚያ ዝም ልል መሆኔን ሳውቅ ከጓሉም ከመጥረቢያውም ይበልጥ ያ አስፈራኝ።

ጠርሙሱን ከእማዬ እጅ ወስጄ ለእትዬ አስካለ ሰጠኋት።

"አንቺ ያዢው። አንቺ ፍቺው" አልኳት።

ተደናገጠች። መቅጃውን አንስቼ ዝናብ ያልነካው የድንጋይ ከለላ ሥር፣ ደረቅ አቧራ ላይ ደፋሁትና ተጫንኩት። ሳነሳው ክብ ምልክት ቀረ፤ የሰሃን ያህል።

"ይህ ጣሳ ከሰማይ የተቀበለው በዚህች ክብ ልክ ብቻ ነው። ከዚህ ውጭ ያለው ሁሉ እናንተ ማሳ ላይ ነው የወደቀው። የወሰድኩባችሁን እዚህች ላይ መልሺው።"

እትዬ አስካለ አፈሰሰችው። አቧራው ጠጣው። ብዙዎቹ ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። ሰማዩ ሰማያዊ ነበር፤ ንፋሱ ብቻ ይነፍስ ነበር።

"አሁን ሰማዩን ተዉት" አልኩ። እንዲህ ብዬ የጮኽኩት እኔ መሆኔ ገረመኝ። "ጣትሽን ክተቺ፣ እትዬ አስካለ። ርጥበቱ የት ድረስ ነው?"

ተንበርክካ ሌባ ጣቷን ክቡ መሃል ከተተች። አወጣችው። ርጥበቱ ከላይ አንድ አንጓ ያህል ብቻ ነው፤ የጣቷ ጫፍ የነካው አቧራ ነው።

"እንዲህ ነው ማሳችሁም" አልኩ።

"ማሳው ከዚህ ይሻላል!" አለ ባለመጥረቢያው።

"እንየዋ" አሉ አያ ደምሴ። እሳቸው የታችኛው ሰፈር ሽማግሌ ናቸው፤ ጩኸቱን ሰምተው ሞፈራቸውን ጥለው ነበር የመጡት። ከጉብታው ሥር ያለው ማሳ የእሳቸው ነው፤ የዚያኑ ዕለት በጎሕ የዘሩት። ሁላችንም ተከትለናቸው ወረድን። ተንበርክከው በእጃቸው ጫሩ። ከላይ ጥቁርና ርጥብ አፈር መጣ፤ አንድ ጣት አይሞላም። ከሥሩ ግራጫ አቧራ ነበር። የገብሱ ፍሬ እዚያ አቧራው ውስጥ ተኝቷል። አንዷን አንስተው በመዳፋቸው ያዙና በጣታቸው አገላበጧት።

"አምና ዘርሽ የደረቀው ስንት ጣት ላይ ነበር?" ብዬ እትዬ አስካለን ጠየቅኳት።

"ቆፍሬ አይቼው ነበር" አለች። "አንድ ጣት ላይ። ሥሩ ወርዶ ወርዶ የሚይዘው አጥቶ ነበር።"

"አውቅ ነበር" አልኳት። "አምና አውቅ ነበር። መናገር አፍሬ ነው።"

ስድብ ጠብቄ ነበር። አልሰደበችኝም። ያየችኝን አስተያየት ግን እስካሁን አልረሳውም።

"ታዲያ መቼ ነው የሚዘንበው?" አለ አንዱ ከኋላ። "ይህን ካወቅሽ እሱንም ንገሪና!"

ሁሉም ዞሮ አየኝ። የሆነ ቀን ቆርጬ ብነግራቸው ያምኑኝ ነበር፤ ይህን በግልጽ አይቻለሁ።

"አላውቅም" አልኩ። "አይበቃም የሚለውን ብቻ ነው የማውቀው። ርጥበቱ በተጋደመ ጣት አራት ሳይሞላ ዘር አታውጡ፤ አባቴ ለዘር የሚለው እሱን ነበር። መቼ አራት ጣት እንደሚሆን እኔም እንደናንተ ነኝ።"

አያ ደምሴ ከተንበረከኩበት ሳይነሱ፣ "ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሁሉም ያውቃል። አላውቅም የሚል ሰው ዛሬ ገና ሰማሁ" አሉ። ከዚያ ባለቤታቸውን ጠሩና ሁለቱ በጉልበታቸው እየሄዱ ፍሬውን ከአፈር መልቀም ጀመሩ። ማንም "ተዉት" ሊላቸው አልቻለም።

ሰዉ ተበታትኖ ሳያልቅ ሊቀመንበሩ ከታጣቂ ጋር መጣ። "አንቺ ነሽ ዘር አታውጡ ያልሽው?" አለኝ።

"እኔ ነኝ።"

መምሬ ወልዴ "ልጅቷ አፈር ነው ያሳየችው፤ ጣትዎን ከተው ይዩት" አሉት። ሊቀመንበሩ ጣቱን አልከተተም።

መጋዘኑ ውስጥ ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት ቆየሁ። ቀን ቀን ጣሪያውን አዳምጥ ነበር። ቆርቆሮ ነውና አንዲት ጠብታ ብትወድቅ ይሰማል። ብትወድቅ ውሸታም እሆናለሁ፤ ካልወደቀች ደግሞ እውነተኛ እሆንና ሰዉ ያልቃል። የትኛውን እንደምመኝ አላውቅም ነበር። የሚሰማው የንፋሱ ፉጨት ብቻ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በግድግዳው ቀዳዳ የአንዲት ሴት ጣት ገባ። እፍኝ የማይሞላ ቆሎ የተቋጠረበት ጨርቅ ጣቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

"እኔ ነኝ" አለች እትዬ አስካለ። "አልዘራሁም።"

"የላይኛው ሰፈርስ?"

"ከግማሽ በላይ አልዘራም። እናትሽም አልዘራችም። ሊቀመንበሩ ቤት ለቤት ሲዞር ዘርተናል አልነው፤ ባዶ ማሳ አርሰን አሳየነው።" ትንሽ ሳቅ ሰማሁ። "ብይ እንጂ። የራሴ ገብስ ነው፤ ዘሬ አይደለም፤ አትፍሪ።"

በሦስተኛው ቀን ጠዋት በሩን ከፈቱልኝ። ምክንያቱን አልነገሩኝም። ሊቀመንበሩ በር ላይ ቆሞ ሰማዩን ያይ ነበር፤ ስወጣ ቀና ብሎ አላየኝም።

ከዚያ በኋላ ለአምስት ሳምንት ጠብ አላለም። የታችኛው ሰፈር ማሳ ቡቃያ ታየበት፤ አምና እንዳየሁት ለጥቂት ቀን አረንጓዴ ሆነ፤ ከዚያ ደረቀ። አያ ደምሴ ከአፈር የለቀሙት ገብስ ሁለት እፍኝ ነበር፤ ቆልተው በሉት። አንድ ጠዋት ቤታቸው ተዘግቶ አየሁ። ቤተሰቡ በደብረ ሲና መንገድ መሄዱን ሰማን። የት እንደደረሱ አላወቅንም። ትእዛዝ በወጣበት እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በዚያች ቢሮ በር ላይ በመቆም ፈንታ ሕዝቡ መሃል ቆሜ ተናግሬ ቢሆን፣ የአያ ደምሴ ዘር ጎታው ውስጥ ይሆን ነበር። ይህን ማንም አልወቀሰኝም። እኔ ግን አውቀዋለሁ።

ሚያዝያ ሲጋመስ ዘነበ። ሴቶቹ ሳልጠራቸው በየማሳቸው ጣታቸውን እየከተቱ መጡ። "ሦስት" አለች አንዷ። "የኔ ሦስት ተኩል።" በማግሥቱ ደግሞ ዘነበ፤ አራት ሆነ። ዘር ያላቸው ዘሩ። ዘግይቷልና የተሰበሰበው ጥቂት ነው። ነገር ግን ቀያችን ውስጥ ለቀጣዩ ዓመት ዘር ተገኘ፤ እትዬ አስካለ ለታችኛው ሰፈር ሁለት ቤት ቆንጥራ ስትሰጥ አይቻለሁ።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ምናልባት እንደኔ አንድ ነገር እያወቃችሁ ዝም የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔ መዝገቡ ካለ ይበቃል ብዬ አስብ ነበር፤ ቁጥሩ ትክክል ነውና። ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ሰው መጥረቢያ ይዞ መጣብኝ። አባቴ "ዛሬ ከንፈሩን ብቻ አርሶ ተኛ" ሲል ሥራ ፈትቶ የሚቀልድ ይመስለኝ ነበር። ለካ ዋናው ሥራው እሱ ነበር።

ቆርቆሮውን መልሼ ተከልኩት፤ የተቆረጠውን ሽቦ ግን መልሼ አላጠርኩትም። ብርጭቆውን አሁን ጉብታው ላይ ይዤ እወጣለሁ፤ እዚያው፣ ሰው እያየ እለካለሁ። መዝገቡ ላይም ከሚሊ ሜትሩ ጎን ሌላ ዓምድ አሰመርኩ፤ "ጣት" ብዬ ጻፍኩበት። ባለፈው ዓመት ከከተማ የመጣ ተቆጣጣሪ ይህን አይቶ ተቆጣ። "ይህ ምንድን ነው? ሰርዢው" አለኝ።

"ሚሊ ሜትሩ የእናንተ ነው፤ ጣቱ የእኛ ነው" አልኩት። አልሰረዝኩትም። ይህን ስናገር ዓይኑን እያየሁት ነበር።

ተሳስቼም አውቃለሁ። አንድ ጊዜ አራት ጣት ብለን ዘርተን ውርጭ መታብን። ያን ጊዜም ጉብታው ላይ ወጥቼ "ውርጩን አላየሁትም" አልኳቸው። ከዚያ በኋላም መምጣት የተወ ሰው የለም።

አሁን መዝገቡን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ ሳገላብጥ አንድ ነገር ያስፈራኛል። አባቴ በነበረበት ጊዜ አራት ጣት የሚያጠጣ ዝናብ በጥር መጨረሻ ይገባ ነበር። ከዚያ የካቲት ሆነ። ከዚያ መጋቢት። ይህን ለተቆጣጣሪው ብነግረው "እናየዋለን" ብሎ ወረቀቱን አጠፈ። ለእትዬ አስካለ ስነግራት ግን፣ "ቶሎ የሚደርስ ገብስ ከመንዝ መፈለግ አለብን" አለች።

ዘንድሮ መጋቢት እያለቀ ነው። ዛሬ ጠዋትም ጠርሙሱ ባዶ ነው። ሴቶቹ ጉብታው ላይ ተሰብስበው ነበር፤ አንዷ "ስንት?" አለችኝ።

ጠርሙሱን ገልብጬ አሳየኋቸውና "ምንም የለም" አልኩ፤ ከኋላ የቆመችው እንድትሰማ ጮክ ብዬ።